የማይጠይቅ ጠያቂ

ስለ አረጋውያን በምንጽፋቸው ድራማዎችና ግጥሞች ላይ

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ለወጣቶች ኅብረታችን አንድ ድራማ ጽፌ ነበር። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ አንዲት እናት ነጠላዋን አጣፍታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትታያለች። ልጇ ውጭ አገር ነው፤ ስልኩን ትጠብቃለች። ጎረቤት ገብቶ ይወጣል፤ እሷ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ትዕይንት ልጁ ሻንጣውን እየጎተተ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ድንኳን ተተክሎ ያገኛል። ኪቦርድ የሚጫወተው ወንድማችን እዚህ ላይ ዝግ ያለ ዜማ ያስገባል። ጉባኤው አለቀሰ። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ በገዛ ጽሑፌ አለቀስኩ። መባ ተሰበሰበ፣ ሳሙናና ስኳር ተገዛ፣ በሳምንቱ ቅዳሜ ሚኒባስ ተከራይተን አረጋውያን ወደሚጦሩበት አንድ ማዕከል ሄድን።

እዚያ ሦስት መዝሙር ዘመርን፤ አንድ ወንድም ቃል አካፈለ፤ ጸለይን፤ ያመጣነውን አከፋፈልን፤ ፎቶ ተነሣን። ጊታሩ ወደ ቦርሳው ሲገባ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። «ጨረሳችሁ እንዴ? እኔም እኮ አንድ መዝሙር ነበረችኝ» አሉ። ፕሮግራም መሪው እኔ ነበርኩ። ሰዓቴን አየሁና «እማማ፣ ሾፌሩ ቸኩሏል፤ ሌላ ጊዜ እንሰማዎታለን» አልኳቸው። ሌላ ጊዜ አልሄድንም።

ያቺ መዝሙር ምን እንደነበረች እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ይህ ጽሑፍ ግን የጸጸት ምስክርነት አይደለም፤ ሂስ ነው። ምክንያቱም በዚያ ቅዳሜ ያደረግሁት ነገር ከሳምንት በፊት መድረክ ላይ በወጣው ድራማዬ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር። የእኔ ድራማ እናት የምትዘምረው ነገር አልነበራትም። ደራሲው ያልሰጣትን ድምፅ ፕሮግራም መሪው ከየት ያምጣው?

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ አንድ ግሩም ቃል አለው፤ መጠየቅ። የታመመን፣ የታሰረን፣ ያረጀን ሰው ሄዶ ማየት «መጠየቅ» ይባላል። ማቴዎስ 25 ላይ ጌታ ስለ ታመመው ሲናገር በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የገባው ግሥ ይኸው ነው። ሰውን ሄዶ ማየትና ለሰው ጥያቄ ማቅረብ በአንድ ቃል መጠራታቸው በከንቱ አይመስለኝም። የድሮ ጠያቂ በእርግጥ ይጠይቅ ነበር። እህሉ ገባ? ላሚቱ ወለደች? ያ የድንበር ነገር እንዴት ሆነ? እኛ ግን ጠያቂ ተብለን ሄደን፣ ሁለት ሰዓት ቆይተን፣ አንዲት ጥያቄ ሳንጠይቅ ተመለስን። በዚያ ቅዳሜ ከአፋችን የወጣው «ደህና ናችሁ?» ብቻ ነበር፤ መልሱንም ሁሉም ባንድ ድምፅ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሰጡን።

ወጣቶች የሚጽፉት ድራማና ግጥም መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት በእኔ እጅ ያልፋል። ስለ አረጋውያን የተጻፉትን ዘንድሮ ሰብስቤ፣ የራሴንም ጨምሬ፣ ደግሜ አነበብኳቸው። የጸሐፊዎቹን ስም አልጠራም፤ ለነገሩ ሁላችንም አንድ ድራማ ነው የጻፍነው። ገጸ ባሕርይዋ ስም የላትም፤ «እናት» ወይም «አሮጊት» ትባላለች። ልጇ ስም አለው፣ ጎረቤቱም ስም አለው፣ በአንዱ ድራማ ላይ ውሻው ሳይቀር ስም አለው። እሷ አትስቅም። አትቆጣም። ከማንም ጋር ተጣልታ አታውቅም። በሕይወቷ ምን ሠርታ እንዳደረች አይነገረንም። ጸሎት ብታደርግ እንኳ ለራሷ መጽናኛ ነው፤ ለሌላ ሰው ስትማልድ አንሰማም። ግጥሞቹ ደግሞ ይብሳሉ። «እርጅና» ከ«ልመና» ጋር ቤት ይመታል፣ «ብቸኝነት» ከ«ናፍቆት» ጋር ይመታል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሄዱበት የላቸውም።

ያደግሁት ጣርማ በር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ፣ ጣሊያን ተራራውን ሰርስሮ ያወጣው ዋሻ ያለበት፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ጉሙ ሲፈልግ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚዘጋበት አገር ነው። እንደዚያች የድራማ እናት ያለች ሴት እዚያ አላጋጠመችኝም። የማውቃቸው አሮጊቶች የበግ ጠጉር በእንዝርት እየፈተሉ መንገድ የሚሄዱ፣ ለባና የሚሆነውን ክር ሲያስረክቡ በዋጋው የሚከራከሩ ናቸው። ማን ከማን እንደሚዛመድ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው የታሰበ ጋብቻ ያስቆማሉ። አዎ፣ የሚያለቅሱም አሉ። ብቻቸውን የቀሩ አሉ፤ ልጃቸውን ስደት የወሰደባቸው አሉ፤ በጦርነቱ የቀበሩ አሉ። ሲያለቅሱ ግን እየተናገሩ ነው። ሙሾ እንኳ ቃል አለው።

ለዚህ ዝምታ ቋንቋችንም ድርሻ አለው። «ጧሪ ቀባሪ የሌለው» እንላለን። ሐረጉ አጭር ነው፣ ሐዘኔታም የሞላበት ነው። ግን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በጧሪና በቀባሪ መካከል ያለው ሰው ሁለት ነገር ብቻ ይደረግለታል፤ ይመገባል፣ ይቀበራል። መካከሉ ባዶ ነው። የእኛም ድራማ በዚህ ሐረግ ልክ የተሰፋ ነው፤ መጀመሪያው ትዕይንት ጧሪ ማጣት፣ መጨረሻው የቀባሪ መምጣት።

ነገሩን ለማቃለል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እርዳታ እንዲያደርግ ያዛል። ይሁን እንጂ የጣርማ በር ገበሬ ለመንግሥት ሠራተኛ እንዳለው ያለ ጡረታ የለውም፤ ጡረታው ልጁ ነው። ልጁ አዲስ አበባ ወይም ሳውዲ ሲሄድ ጡረታው አብሮ ይሄዳል። ጧሪ ማጣት እውነተኛ ረሃብ ነው። የእኔ ጥያቄ ጧሪ የተገኘለት ሰው ከበላ በኋላስ ምን ይሁን የሚል ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኛ የተሻለ ጽፏል። 2ኛ ሳሙኤል 17ን እና 19ን እንደ ድራማ አንብቧቸው። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም ደርሷል፤ ንጉሥ ቢሆንም ተፈናቃይ ነው። ስንቅ ይዘው ከመጡለት ሦስት ሰዎች አንዱ ገለዓዳዊው ቤርዜሊ ነው፤ አገሩ ሮግሊም። የመጣው ነገር ዝርዝር የእኛን አገር ሰው ፈገግ ያሰኛል፤ መኝታ፣ የቤት ዕቃ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ዱቄት፣ ቆሎ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማር፣ ቅቤ፣ በግ። ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ ተቀብላ ባኖረችባቸው ዓመታት ይህንኑ ጭነት ተሸክሞ ወደ መጠለያ ሲገባ ያየነው ሰው ሁሉ ትዝ ይለናል።

ጦርነቱ አለቀ። ዳዊት ወደ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ቤርዜሊ ሊሸኘው እስከ ዮርዳኖስ ወረደ። ሰማንያ ዓመቱ ነው። ንጉሡ አብሮት ተሻግሮ በኢየሩሳሌም እንዲጦር ጋበዘው። ደራሲው እዚህ ላይ ያደረገውን አስተውሉ። ቤርዜሊ ለዳዊት ያደረገውና ዳዊት ለቤርዜሊ ሊያደርግ ያሰበው በዕብራይስጡ በአንድ ግሥ ነው የተጠሩት። ሽማግሌው ተጧሪ እንዲሆን ሳይጋበዝ በፊት ጧሪ ነበር። እኛ አረጋዊ ሰው ሌላውን ሲጦር የሚያሳይ አንድ ትዕይንት ጽፈን እናውቃለን?

መልሱ ደግሞ ይደንቃል፤ እምቢ አለ። የእኛ ድራማ ቢሆን ኖሮ ኪቦርዱ እዚህ ላይ ይገባና ሽማግሌው ንጉሡ እግር ላይ ወድቆ ያለቅስ ነበር። ቤርዜሊ ግን ንጉሡን መልሶ በጥያቄ ያጣድፈዋል። ስንት ዘመን እንደቀረው፣ ምላሱ ጣዕም ይለይ እንደሆነ፣ ጆሮው የዘፋኞቹን ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ይጠይቀዋል። ስለ ገዛ አካሉ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም። ቤተ መንግሥትም ምን እንደሆነ ያውቃል። ከዚያ የሚሻውን ይናገራል፤ በገዛ ከተማው፣ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞት። ቀባሪ አልለመነም፤ መቃብሩን ራሱ መረጠ። በእሱ ፈንታ ከመዓም ይሻገር ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ እስከ መጨረሻው ሰጪ ነው። ዳዊትም አልተከራከረውም። ሳመው፣ ባረከው፣ ሽማግሌው ወደ ቤቱ ሄደ። ዳዊት ሊሞት ሲል ለሰሎሞን ከተናዘዘው አንዱ የቤርዜሊ ልጆች ከማዕዱ እንዳይለዩ የሚል ነው።

አያቴን ከጣርማ በር ወደ አዲስ አበባ ስናመጣት ይህን ምዕራፍ አንብቤዋለሁ፤ ሰብኬበታለሁም። አጎቴ የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ቤቱ ሙቅ ነው፣ ምግቡ በሰዓቱ ይቀርባል፣ ቴሌቪዥኑ አይጠፋም። በሳምንቱ ዝም አለች። በወሩ እንዝርቴን አስመጡልኝ አለች፤ ሳቅን። በሁለተኛው ወር አንድ እሑድ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ «ልጄ፣ እዚህ እኮ የሚጠይቀኝ የለም» አለችኝ። ተቀየምኩ። በየእሑዱ የምመላለሰው እኔስ?

ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ። ጣርማ በር ላይ ሰው ደጇ የሚመጣው ሊያያት ብቻ አልነበረም። ይህች በግ ትሸጥ ወይስ ትቆይ፣ ልጅቷን ለእነ እገሌ እንስጥ ወይ፣ ሕፃኑ ሌሊት የሚያለቅሰው ምን ሆኖ ነው ሊላት ነበር የሚመጣው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መልስ የሞላት ሴት ጥያቄ አጥታ ተቀመጠች። ክረምቱ ሳይገባ ወደ ጉሟ መለስናት። ብርዱ ላይ መልሰን መጣላችን ልክ ነበር አልነበረም በሚለው ከአጎቴ ጋር እስካሁን አልተግባባንም።

ደግሞም ሁሉም ሽማግሌ ሮግሊም የለውም። ብዙው ሰው መጦሪያ የሚገባው የሚመለስበት ቤት ስለሌለው ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሰው ቤርዜሊን መስበክ ጭካኔ ይሆናል። ለእሱ ያዕቆብ አለ። ዘፍጥረት 47 ላይ ያዕቆብ መቶ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ረሃብ ከአገሩ አውጥቶት በሰው አገር በልጁ በዮሴፍ እጅ ይጦራል። የዕብራይስጡ ግሥ አሁንም ያው የቤርዜሊ ግሥ ነው። ፈርዖን ፊት ሲቀርብ የግብፁ ንጉሥ ዕድሜውን ጠየቀው። ተራ ጥያቄ ናት፤ ግን ሽማግሌውን ስለ ሕይወቱ አናገረችው። ያዕቆብም አላሳመረም፤ ዘመኑ አጭርም መራራም እንደነበረ ተናገረ። የእኛ አረጋውያን መድረክ ላይ ስለ ልጃቸው ካልሆነ በቀር ማማረር አይፈቀድላቸውም። ያዕቆብ ግን አማርሮም ንጉሡን ባርኮ ወጣ።

በሚቀጥለው ምዕራፍ ዓይኑ ፈዝዞ የልጅ ልጆቹን ሲባርክ እጆቹን አጠላለፈ። ዮሴፍ፣ ያ አገር ያስተዳደረ ሰው፣ አባቱ የተሳሳተ መስሎት እጁን ሊያስተካክል ያዘው። ሽማግሌው ግን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ እጁን ከነበረበት አላነሣም። አረጋዊ ሰው ማጠብና ማልበስ የጀመረ ሁሉ፣ ልጅም ይሁን የማዕከል ሠራተኛ ወይም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣ ወጣት፣ የዮሴፍ እጅ ያበቅላል፤ ደግ ነው፣ ቸኩሏል፣ ለማስተካከል ተዘርግቷል።

በአገራችን ዛሬ ስለ አረጋውያን በብዛት የሚታየው ትረካ የመድረክ ሳይሆን የካሜራ ነው። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጀመረው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያኖራል። በ2017 ዓ.ም. የካቲት በዩቲዩብ በቀጥታ በተላለፈው የገቢ ማሰባሰቢያ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር ሲገባ ስንቶቻችን ስልካችን ላይ አፍጥጠን አመሸን። ማዕከሉ የሚታወቅበት «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው አባባል በዘመናችን ከተነገሩ ጥሩ የአማርኛ ዐረፍተ ነገሮች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሰበባችንን ሁሉ ይወስድብናል።

ይሁንና በየማኅበራዊ ሚዲያው የምናየው የእርዳታ ቪዲዮ የራሱ ሕግ አለው። መጀመሪያ ሰውዬው በወደቀበት ይታያል። ቀጥሎ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ነጭ ጋቢ ለብሶ ይታያል። በሁለቱ ምስሎች መካከል እምብዛም አይናገርም። ዳቦ በምስል የሚገዛ ከሆነ ይገዛ፤ በዚህ አልከራከርም። እኛ የጽሑፍና የመድረክ ሰዎች ግን ካሜራው የማይደርስበትን መጻፍ ስንችል ካሜራውን እየኮረጅን ነው። ሦስተኛውን ምስል ማን ይጻፈው? ጋቢ የለበሰው ሰው ከገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳ በሌለበት ቀን ምን ያስባል? አናጺ ከነበረ፣ ማጠፊያው የላላውን የክፍሉን በር ባየ ቁጥር አይበሳጭም? መዶሻ የሚያቀብለው ሰው አለ?

1ኛ ነገሥት 1 ይህን ሦስተኛ ምስል ጽፎታል። ዳዊት አርጅቷል፤ ልብስ ቢደርቡለትም አልሞቅ አለው። የጣርማ በር ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። አገልጋዮቹ ስለ እሱ ይመካከራሉ፤ የምትንከባከበው ልጅ ያመጡለታል። በመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ቁጥሮች ንጉሡ አንድ ቃል አይናገርም፤ ልክ እንደ እኛ ድራማ። ከዚያ ቤርሳቤህ ገባች። ሽማግሌው በአሥራ ስድስተኛው ቁጥር አፉን የሚከፍተው ለመጠየቅ ነው፤ ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት። ናታን ተከትሎ ገብቶ እሱም ንጉሡን ጠየቀው፤ አዶንያስ እንዲነግሥ የወሰነው እርሱ እንደሆነ። ያን ጊዜ ዳዊት ማለ፣ ሰዎች አስጠራ፣ ትእዛዝ ሰጠ፣ ሰሎሞን ነገሠ። ልብስ ያላሞቀውን ሰው ጥያቄ አሞቀው ብል ከጽሑፉ አልፌ መሄዴ ነው። የምዕራፉ አካሄድ ግን ወደዚያ ይገፋፋኛል።

መስከረም 21 የዓለም አረጋውያን ቀን ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1983 ዓ.ም. ነው የወሰነው። በዓሉ በደረሰ ቁጥር ከእኔ ድራማ ይፈለጋል። ዘንድሮ የድሮውን ጽሑፍ አቧራውን አራግፌ፣ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት፣ በቤተ ክርስቲያናችን ላሉ አንድ ጡረተኛ አባት ቤታቸው ሄጄ አነበብኩላቸው። ሃያውን ደቂቃ ሙሉ ዝም ብለው ሰሙ። ጎበዝ አድማጭ ናቸው፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«ይህች ሴትዮ ስሟ ማን ነው?» አሉኝ ስጨርስ።

ስም እንዳልሰጠኋት ነገርኳቸው።

«ዕድር የላትም?»

ብቸኛ መሆኗን ለማሳየት ሆን ብዬ የዕድር ነገር እንዳላነሣሁ አስረዳኋቸው።

«እንግዲያው ድንኳኑን ማን ተከለው?»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያን ድራማ ያየ ሰው ሁሉ አልቅሶበታል፤ ይህን የጠየቀኝ ግን የለም። ድንኳን ካለ ዕድር አለ። ዕድር ካለ በየወሩ መዋጮዋን ይዛ የሄደች፣ ሰብሳቢውን የተቆጣች፣ ለስንቱ ለቀስተኛ ንፍሮ የቀቀለች ሴት አለች። ያቺ ሴት ከጽሑፌ ውጭ ቆማ ኖሯል።

«ወረቀቱን ተውልኝ፤ እስክሪብቶም ትተህልኝ ሂድ» አሉኝ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ አግኝቻቸው ጨርሰው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ገና ነው» አሉ። «ስም ግን አውጥቼላታለሁ።» ማን እንዳሏት ስጠይቃቸው ከዘራቸውን አስተካክለው፣ «ቤት ስትመጣ እነግርሃለሁ» ብለውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።